«ድሮ ቢሆን አንገቱ ነበር የሚቀላው»፦ ስለ ቅጣት ታሪክ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

አንድ ከባድ ወንጀል በተሰማ ቁጥር ሰው ሁለት ነገር ይላል። አንዱ «ድሮ ቢሆን አንገቱ ነበር የሚቀላው፣ አሁን ሕጉ ላልቶ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ተመስገን በል፣ ድሮ እኮ ዳቦ የሰረቀ ሁሉ ይሰቀል ነበር፣ አሁን ሰው ሠልጥኗል» ብሎ ይመልስለታል። የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ታሪክ ነው፦ ቅጣት ከጭካኔ ተነስቶ በቀጥታ መንገድ ወደ ርኅራኄ መጣ የሚል። አንዱ በዚህ ይበሳጫል፣ ሌላው ደስ ይለዋል።

እኔ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት የመጀመሪያውን ሰው ሆኜ ነው። ቆይቼ ሁለተኛውን ሆንኩ። አሁን ግን ያ ቀጥታ መንገድ ጨርሶ እንዳልነበረ ነው የማምነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ደግነት ብለው የጀመሩት ነገር ከቀድሞው የከፋ ሆኖ ቁጭ ይላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጥንት የነበረው ዓይን ለዓይን ነው፤ ካሳ በኋላ የመጣ ነው»

ብዙ ሰው የሚያውቀው የሐሙራቢን ሕግ ነው። ሐሙራቢ የባቢሎን ንጉሥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 አካባቢ ያወጣው ሕግ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። የሰው ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጥፋ የሚለው እዚያ ላይ አለ። ስለዚህ መነሻው በቀል ነው፣ ካሳ የመጣው ሰው ሲለሰልስ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ከሐሙራቢ በ300 ዓመት ገደማ የሚቀድም ሌላ ሕግ ግን ተገኝቷል። የዑር ንጉሥ የኡርናሙ ሕግ ይባላል፤ እስካሁን በእጃችን ካሉት የተጻፉ ሕጎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። እዚያ ላይ የሰው ዓይን ያጠፋ ግማሽ ሚና ብር መዝኖ ይሰጣል፤ በዛሬ ሚዛን ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። ጥርስ የሰበረ ሁለት ሰቅል ይከፍላል። ነፍስ ያጠፋ ይሞታል፣ አካል ያጎደለ ግን ይክሳል። በተጻፈው ማስረጃ ከሄድን እንግዲህ ካሳው ቀድሞ ነው፣ ዓይን ለዓይኑ የተከተለው።

ሐሙራቢም ቢሆን ለሁሉም ሰው ዓይን ለዓይን አላለም። ያ የሚሠራው ተጎጂውም ጎጂውም ከላይኛው መደብ ሲሆኑ ነው። ጌታው የተራ ሰው ዓይን ካጠፋ አንድ ሚና ብር ይከፍላል። የባሪያ ዓይን ከሆነ የባሪያውን ዋጋ ግማሽ። እኔን ከዓይን መጥፋቱ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው፤ አንዱ አካል ዓይን ያስከፍላል፣ ሌላው የገበያ ዋጋ ብቻ።

ከዚያ ከ2,000 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ600 ዓ.ም. አካባቢ፣ በዛሬዋ እንግሊዝ የኬንት ንጉሥ የነበረው ኤቴልበርት ያወጣውን ሕግ ብታዩ የሱቅ ዋጋ ዝርዝር ነው የሚመስለው። አውራ ጣት የቆረጠ 20 ሺሊንግ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የነቀለ 3 ሺሊንግ፣ የፊት ጥርስ ያወለቀ ለአንዱ 6 ሺሊንግ። ሰው ቁጭ ብሎ የጥፍር ዋጋ የተመነው ወዶ አይደለም። ዋጋው ካልተቆረጠ የተጎጂው ወንድም ደም ሊመልስ ይወጣል፣ ያኛው ወገን ደግሞ መልሶ ይመጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ቤተሰብ ያልቃል።

«ዓይን ለዓይን ማለት ተበቀል ማለት ነው»

ዘፍጥረት ላይ ላሜሕ የሚባል ሰው አለ። ላቆሰለኝ ሰው ገደልኩ፣ ቃየን ሰባት እጥፍ ከተበቀሉለት ለእኔ ሰባ ሰባት እጥፍ ነው እያለ ለሚስቶቹ ይፎክራል። ዓይን ለዓይን የሚለው ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተሰመረ ድንበር ነው፦ አንድ ዓይን ከጠፋብህ ከአንድ ዓይን በላይ አትንካ። የአይሁድ ሊቃውንት ደግሞ ታልሙድ ውስጥ በረጅሙ ተከራክረው ትርጉሙ የዓይን ካሳ ነው፣ ዓይን ማውጣት አይደለም ብለው ደምድመዋል።

«ድራኮን ለሁሉም ጥፋት ሞት ፈረደ»

የአቴናው ሕግ አውጪ ድራኮን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ621 አካባቢ፣ ጎመን የሰረቀውንም ነፍስ የገደለውንም እኩል በሞት ይቀጣ ነበር የሚለው ወሬ የመጣው ከሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ከጻፉ ሰዎች ነው። ስለ ሌሎቹ ሕጎቹ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ነፍስ ግድያ ያወጣው ሕግ ግን በኋላ ዘመን በድንጋይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ አለ። ድንጋዩ ሳያስብ የገደለ ሰው ይሰደድ ይላል፤ የሟች ዘመዶች ከተስማሙ ይቅር ሊሉትም ይችላሉ። ሆን ብሎ በመግደልና በስህተት በመግደል መካከል ያለውን ልዩነት በጨካኝነቱ ስሙ የተጠራው ሰው ያውቀው ነበር።

«እስር ቤት ከጥንት ጀምሮ ዋናው ቅጣት ነው»

እስር ቤት ከጥንትም ነበር። ዋናው ቅጣት ግን አልነበረም። ሮማዊው የሕግ ሊቅ ኡልፒያኖስ እስር ቤት ሰውን ለማቆየት እንጂ ለመቅጣት መዋል የለበትም ብሎ ጽፏል፤ ይሄ ከ1,800 ዓመት በፊት ነው። በአብዛኛው ዓለም የነበረው አሠራርም እሱ ነው። ሰው የሚታሰረው እስኪፈረድበት፣ ዕዳውን እስኪከፍል፣ ወይም የሚሰቀልበት ቀን እስኪደርስ ነበር። ቅጣቱ ራሱ ግርፋት፣ መቀጮ፣ ግዞት፣ አካል መቁረጥ ወይም ሞት ነው። አምስተርዳም በ1596 ሌቦችና ሥራ ፈት የተባሉ ወንዶች ጠንካራ የብራዚል እንጨት እየሞረዱ ለጨርቅ ማቅለሚያ ዱቄት የሚያወጡበት ቤት ከፍታ ነበር፤ ሰውን ዘግቶ በሥራ መቅጣት ከዚያ ወዲህ ቀስ እያለ ተለመደ። «ይሄን ያህል ዓመት ይታሰር» የሚለው ፍርድ ተራ ነገር የሆነው ግን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ላውራ፣ ምክንያቱም ስለሱ ሳነብ ነው ይሄ ጉዳይ ልቤ ውስጥ የገባው። ጆን ሃዋርድ ይባላል። በ1773 ቤድፎርድሸር በምትባል የእንግሊዝ አውራጃ ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ በአብዛኛው ለክብር ነበር፤ እሱ ግን እስር ቤቱን ልይ ብሎ ሄደ። ያየውን ማመን አቃተው። ፍርድ ቤት ነጻ ናችሁ ያላቸው ሰዎች ተመልሰው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። የወህኒ ቤቱ አዛዥ ደሞዝ የለውም፣ የሚኖረው እስረኛው በሚከፍለው ነው፣ ስለዚህ የመውጫውን ያልከፈለ አይወጣም። ምንም አላጠፋህም የተባለ ድሃ እዚያው ታስሮ ወራት ያሳልፋል፣ ለምን ቢሉ ለአሳሪው የሚሰጠው ሳንቲም የለውም።

ሃዋርድ ለዳኞቹ ለአዛዡ ደሞዝ ቁረጡለት አላቸው። እነሱ ደግሞ እንዲህ ያደረገ ሌላ አውራጃ አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ፈረሱ ላይ ወጥቶ ጎረቤት አውራጃዎችን ሊጠይቅ ሄደ። የሄደበት ሁሉ ያው ነው። ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻለም፤ ዕድሜውን በሙሉ ከእስር ቤት እስር ቤት ሲዞር ኖረ። ክፍሉን ይለካል፣ እስረኛውን ይቆጥራል፣ ዳቦውን ይመዝናል፣ ሁሉንም ይጽፋል። ልብሱ የእስር ቤቱን ሽታ ስለሚይዝ በተዘጋ ሠረገላ መሄድ አቅቶት በፈረስ ነበር የሚጓዘው። የማስታወሻ ደብተሩ ቅጠሎች እንኳን ሽታው ገብቶባቸው እሳት ዳር ሰዓት ሁለት ሰዓት ዘርግቶ ካላናፈሳቸው አይጽፍባቸውም ነበር። በ1774 የእንግሊዝ ፓርላማ ነጻ የተባለ ሰው የመውጫ ክፍያ እንዳይጠየቅ ሕግ አወጣ። ሃዋርድ በ1790 ከርሶን በምትባል ከተማ፣ የዛሬዋ ዩክሬን ውስጥ፣ በበሽታ ሞተ።

«በመካከለኛው ዘመን ሰውን እሾህ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይዘጉ ነበር»

«የብረት ድንግል» የሚሉት፣ በሴት ቅርጽ የተሠራ፣ ውስጡ ሹል ብረት የተሞላ ሳጥን በየሙዚየሙ አለ። ታሪኩን ያስወራው በ1793 የጻፈ አንድ ጀርመናዊ ነው፤ ሳጥኖቹ ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን ሥራ ላይ ስለመዋሉ ማስረጃ የለም።

ይሄ ማለት ግን ስቃይ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበር፤ መሣሪያው ግን በጣም ተራ ነው። ገመድ። እጅን ወደ ኋላ አስሮ ወደ ላይ መሳብ። ሰው የሚስተው ትልቁ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፦ ይሄ ስቃይ በአብዛኛው ቅጣት አልነበረም፤ የማስረጃ ማውጫ ነበር። በብዙ የአውሮፓ አገሮች በነበረው ሕግ ከባድ ወንጀል የሚረጋገጠው ወይ በሁለት የዓይን ምስክር ወይ ተከሳሹ ራሱ ሲያምን ነው። ሁለት ምስክር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ዳኛው ተከሳሹን እንዲያምን ያስገርፈዋል፣ ያስጎትተዋል። ሕጉ ንጹሕ ሰው በስህተት እንዳይፈረድበት ብሎ ማስረጃውን አከበደ፣ ክብደቱ ራሱ ገመዱን አመጣ።

ከዚያ በፊት የነበረው የጋለ ብረት ማስያዝ ነው፤ እጁ በደንብ ከዳነ ንጹሕ ነው ይባላል። ይሄም የሚመስለንን ያህል ሁሉን የሚፈጅ አልነበረም። ሃንጋሪ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተያዘ መዝገብ ብረቱን ከያዙት ከ200 በላይ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ነጻ ወጥተዋል። ቄሱ ነው የሚያግለው፣ ቄሱ ነው ቁስሉን የሚያየው፤ ሰውን የሚያውቅ ቄስ ብዙ ማድረግ ይችላል። በ1215 በሮም የተሰበሰበው የላተራን ጉባኤ ካህናት በዚህ እንዳይገቡ ሲከለክል ነው ዳኞች ሌላ መንገድ መፈለግ የጀመሩት። የገመዱ ዘመን የሰፋው ከዚያ በኋላ ነው።

የጠንቋይ ነገርም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው የተገደለበት ዘመን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 17ኛው አጋማሽ ነው፤ መካከለኛው ዘመን አልፎ፣ መጽሐፍ በማተሚያ መኪና በሚታተምበት ጊዜ። አሜሪካ ሴለም ውስጥ በ1692 ደግሞ በእሳት የተቃጠለ አንድም ሰው የለም። 19 ሰው ተሰቀለ፣ አንድ አዛውንት ቃል አልሰጥም ስላሉ ድንጋይ ተጭኖባቸው ሞቱ።

«ሕጉ ሞት ካለ ሰው ይሞት ነበር»

ዳቦ የሰረቀ ይሰቀል ነበር የሚለው ወሬ ምንጩ በአብዛኛው የእንግሊዝ ሕግ ነው። በ1688 ሞት የሚያስፈርዱ ወንጀሎች 50 ገደማ ነበሩ። በ1815 ከ200 በለጡ። ከሱቅ የ5 ሺሊንግ ዕቃ መስረቅ፣ ከመኖሪያ ቤት የ40 ሺሊንግ ዕቃ መውሰድ፣ ፊትን አጥቁሮ ጫካ ውስጥ መገኘት፣ ሁሉም ሞት ነው።

ችሎቱ ላይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጁሪ ተብለው የሚቀመጡት 12 ሰዎች የተከሰሰውን ልጅ ያዩታል። የሰረቀው ዕቃ ከ40 ሺሊንግ በላይ እንደሚያወጣ ያውቃሉ። ተነስተው «ጥፋተኛ ነው፣ የዕቃው ዋጋ 39 ሺሊንግ» ይላሉ። አንዲት ሺሊንግ ቀነሱ፣ ነፍስ ተረፈ። በእግዚአብሔር ስም ምለው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ እያወቁ ነው ውሸት የሚፈርዱት፣ ያውም ደጋግመው።

ከዚያ የሚቀድመው ሌላ የማምለጫ መንገድ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ካህናት በመንግሥት ፍርድ ቤት በሞት አይቀጡም የሚል የቆየ መብት ነበር፤ ካህን መሆንህ የሚረጋገጠው ማንበብ በመቻልህ ነው። ጊዜ እየሄደ ማንበብ የቻለ ሁሉ ካህን ተቆጠረ። የሚሰጠው ጥቅስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ከዳዊት መዝሙር «አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለው። ፊደል የማያውቀው ሌባ በቃሉ አጥንቶት ይገባል። ጸሐፌ ተውኔቱ ቤን ጆንሰን በ1598 ሰው ገድሎ በዚህ መንገድ ነው ከስቅላት የተረፈው፤ ሁለተኛ እንዳይጠቀምበት አውራ ጣቱ ላይ በጋለ ብረት ምልክት ተደረገበት።

ከ1770 እስከ 1830 በእንግሊዝና ዌልስ 35,000 ያህል ሰው ሞት ተፈርዶበታል። የተሰቀለው 7,000 ገደማ ነው። ሌላው ምሕረት አግኝቶ አብዛኛው ወደ ግዞት ተላከ። ከ1788 እስከ 1868 ወደ አውስትራሊያ ብቻ 160,000 ያህል እስረኛ በመርከብ ተጭኗል። 7,000 ሰው ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም፤ እያንዳንዱ እናት ነበረው። ነገር ግን ሕጉ የሚለውና የሚሆነው የተለያየ እንደነበረ ሳናውቅ ስለ ድሮው ቅጣት ማውራት አንችልም።

«ዶክተር ጊዮታን የፈጠረው መሣሪያ ራሱን በላው»

መሣሪያው ጊዮቲን የሚባለው፣ ከላይ በሚወርድ ስለት አንገት የሚቆርጠው ነው። ዶክተሩ አልፈጠረውም፣ በመሣሪያውም አልሞተም። ጆሴፍ ኢግናስ ጊዮታን የሞት ቅጣትን የሚቃወም ሐኪም ነበር። በ1789 ያቀረበው ሐሳብ፣ ሰው መገደሉ ካልቀረ ባለጸጋውም ድሃውም እኩል፣ ሳይሰቃዩ ይሙቱ የሚል ነው፤ ያን ጊዜ መኳንንቱ በሰይፍ፣ ድሃው በገመድ ነበር የሚሞተው። ንድፉ የሌላ ሐኪም፣ የአንቷን ሉዊ ነው። የሠራው ደግሞ ሽሚት የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ። ስኮትላንድና እንግሊዝ ውስጥ ተመሳሳይ መሣሪያ ከዚያ በፊት ነበር። ጊዮታን በ1814 አልጋው ላይ ሞተ። መሣሪያው ግን ከሱ በጣም ቆየ፤ ፈረንሳይ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀመችበት በመስከረም 1977 ነው።

«የሞት ቅጣትንና አካል መቁረጥን ማስቀረት የዘመናዊ አውሮፓ ሐሳብ ነው»

ዛሬ የጣሊያን ክፍል የሆነችው ቱስካኒ በ1786 የሞት ቅጣትን በሕግ አስቀረች፤ ቬኔዝዌላ በ1863። ትልቅ ነገር ነው። ግን መጀመሪያው እዚያ አይደለም።

ጃፓን ውስጥ ከ810 እስከ 1156 ድረስ፣ 346 ዓመት ሙሉ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በዋና ከተማው የሞት ቅጣት አልፈጸመም። ሞት የተፈረደበት ይጋዛል።

ቻይና ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ቹንዩ ዪ የሚባል ሐኪም ተፈርዶበት ወደ ዋና ከተማ ሊወሰድ ነው። አምስት ሴት ልጆች አሉት፣ ወንድ የለውም። በችግር ቀን የማትጠቅሙኝ ሆናችሁ ብሎ ያዝናል። የመጨረሻዋ ልጅ ቲዪንግ ይሄን ሰምታ አለቀሰች፣ ከዚያ አባቷን ተከትላ ያን ሁሉ መንገድ ሄደች። ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ጻፈች። የሞተ አይነሳም፣ የተቆረጠ አይቀጠልም፣ ሰው ልታረም ቢል እንኳን መንገድ የለውም አለች፤ እኔ ባሪያ ልሁን፣ አባቴ ዕድል ይሰጠው። ንጉሠ ነገሥት ዌን አንብቦ አዘነ። ፊት መንቀስን፣ አፍንጫ መቁረጥን፣ እግር መቁረጥን በዚያው ዓመት ሰረዘ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ነው። ቀጣዩን ስሙ። በአፍንጫው ምትክ 300 ግርፋት፣ በግራ እግሩ ምትክ 500 ግርፋት ተተካ። ሰው ሳይጨርሰው ይሞት ጀመር። አፍንጫውን አጥቶ ይኖር የነበረ ሰው አሁን በምሕረት አዋጅ ይሞታል። ተተኪው ንጉሥ ጂንግ ቁጥሩን አንዴ ቀነሰ፤ አልበቃም። እንደገና ቀነሰ። በመጨረሻ የዱላውን ርዝመትና ውፍረት፣ የቀርከሃው አንጓ መላግ እንዳለበት፣ ከመቀመጫ ውጪ እንዳይመታ፣ ገራፊው መሃል ላይ በሌላ እንዳይተካ ደንብ አወጣ። የደከመ ክንድ ምቱ ይቀልላል፤ አዲስ ክንድ ይገድላል። ከአዋጁ እስከ ዱላው አንጓ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። የቅጣት ለውጥ ከሩቅ አንድ ቀን የታወጀ ይመስላል፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ግን እንዲህ ነው።

«ሰውን ብቻውን መዝጋት የጨካኞች ፈጠራ ነው»

የደጋጎች ፈጠራ ነው። ይሄ ነው እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ።

ፊላዴልፊያ ውስጥ በ1829 የተከፈተውን ትልቁን እስር ቤት ያሰቡት ግርፋትንና ስቅላትን የሚጠሉ፣ ብዙዎቹም ጸሎተኛ ሰዎች ነበሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ ሰው ከክፉ ጓደኛ ተለይቶ፣ ጸጥታ ውስጥ፣ ከፈጣሪው ጋር ብቻውን ቢቀመጥ ይጸጸታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍል፣ ከጣሪያው ላይ ብርሃን የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ፣ የራሱ ትንሽ ግቢ፣ የእጅ ሥራ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። ምግብ በትንሽ መስኮት ይገባል። ከክፍሉ ሲወጣ ማንንም እንዳያይ፣ ማንም እንዳያየው ፊቱ በጨርቅ ይሸፈናል። የመጀመሪያው እስረኛ በስርቆት ሁለት ዓመት የተፈረደበት ገበሬ ነው። ሁለት ዓመት የሰው ፊት በቅጡ ሳያይ ማለት ነው።

ደራሲው ቻርለስ ዲከንስ በ1842 ጎብኝቶት፣ ያሰቡት ሰዎች ደግነት እውነት እንደሆነ አምኖ፣ ግን የሚያደርጉትን እንደማያውቁ ጻፈ። አእምሮን በየቀኑ ቀስ እያሉ መነካካት ከማንኛውም የአካል ስቃይ የከፋ ነው፣ ቁስሉ ስለማይታይና ጩኸቱ ስለማይሰማ ሰው አይነቃም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ሰውን ብቻውን ማሰር ክልክል ነው የሚለውን ደንብ፣ የማንዴላን ስም የያዘውን፣ ያጸደቀው በ2015 ነው። ከዲከንስ ጉብኝት 173 ዓመት በኋላ።

«ቅጣት ከአደባባይ የተነሳው ሰው ስለራራ ነው»

በከፊል አዎ። ባለሥልጣኖቹን ያሳሰባቸው ግን ከሟቹ ይልቅ ተመልካቹ ነበር። ሊማር የመጣው ሕዝብ ይጠጣል፣ ይዘፍናል፣ ይሰርቃል፣ አንዳንዴም ለሚሰቀለው ሰው ያጨበጭብለታል። እንግሊዝ በ1868 ስቅላትን ወደ ግቢ አስገባች። ፈረንሳይ በሰኔ 1939 ቬርሳይ ላይ አንድ ሰው ሲገደል ሕዝቡ ያሳየው ሁካታ አሳፍሯት ከዚያ ወዲህ አደባባይ ቀረ። ግድያው ግን አልቀረም፤ ያልታየው ብቻ ነው የጨመረው።

«ቅጣት በከበደ ቁጥር ወንጀል ይቀንሳል»

ጣሊያናዊው ቤካሪያ በ1764፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ወንጀልን የሚገታው የቅጣት ጭካኔ ሳይሆን አይቀሬነቱ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው ይሄንኑ ነው የሚሉት፦ ሰው የሚፈራው መያዝን ነው። ጥሩ ምሳሌ ልስጣችሁ። በእንግሊዝ ሐሰተኛ ሰነድ መሥራት ሞት ያስፈርድ ነበር፤ ሕጉ የወጣው ባንኮችን ለመጠበቅ ነው። በ1830 የባንክ ባለቤቶቹ ራሳቸው ፓርላማ ሄደው እባካችሁ ሞቱን አንሱልን አሉ። ለሟቹ ስላዘኑ ብቻ አይደለም። ሞት ስለሆነ ምስክር አይመሰክርም፣ ጁሪው ጥፋተኛ አይልም፣ አጭበርባሪው በነጻ ይሄዳል። የከበደው ሕግ ራሱ ነው ወንጀለኛውን ያስመለጠው።

«ኖርዌይ ውስጥ የፈለገ ቢገድል በ21 ዓመት ይወጣል»

21 ዓመት ለአብዛኛው ከባድ ወንጀል የመጨረሻው ጣሪያ ነው። አደገኛ የተባለ ሰው ግን በሌላ ዓይነት እስር ሊፈረድበት ይችላል፤ ጊዜው ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ አሁንም አደገኛ ነው ካለ እስከ አምስት አምስት ዓመት እየጨመረ ማቆየት ይችላል፣ ገደብ የለውም።

«አመክሮና ማረም የዘመኑ ልስላሴ ነው»

ኖርፎክ ደሴት ከአውስትራሊያ ወዲያ፣ ውቅያኖስ መሃል ነች። ግዞተኛ ሆኖ ሄዶ እዚያም ደግሞ ሌላ ጥፋት ያጠፋ ሰው የሚጣልባት ቦታ ነበረች። ግርፋት፣ እግረ ሙቅ፣ ሌላ ነገር የለም። በ1840 አሌክሳንደር ማኮኖኪ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን አዛዥ ሆኖ መጣ። ይሄ ሰው ወጣት ሳለ በጦርነት ተማርኮ ፈረንሳይ ውስጥ ታስሮ ነበር። መታሰር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ማኮኖኪ እስር በዓመት መለካቱ ቀርቶ በነጥብ ይለካ አለ። በሥራህና በጠባይህ ነጥብ ታገኛለህ፣ ስታጠፋ ይቀነስብሃል፣ የተወሰነልህን ስትሞላ ትወጣለህ። ቁልፉን ለእስረኛው ሰጠው ማለት ነው። በመጣ በጥቂት ወር፣ በግንቦት 25፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ልደት በተከበረበት ቀን፣ የእስር ቤቱን በሮች ከፈተ። እነዚያ አደገኛ የተባሉ ሰዎች፣ ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው፣ ደሴቲቱ ላይ እንደልባቸው ሲዘዋወሩ ዋሉ። ሥጋ በሉ፣ ትንሽ መጠጥ ቀመሱ፣ ቲያትር አዩ፣ ማታ ርችት ተተኮሰ። መለከቱ ሲነፋ ሁሉም ተመልሰው ወደ ክፍላቸው ገቡ። አንድ ችግር አልተፈጠረም።

አለቆቹ ወሬውን ሲሰሙ ተቆጡ። በ1844 አነሱት። ከሱ በኋላ የመጣው አዛዥ ወደ ድሮው ሥርዓት መለሰው። በ1846 እስረኞቹ ምግባቸውን የሚያበስሉባቸው የግል ድስቶች እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ሌሊት ተሰበሰቡ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 1፣ እስረኞቹ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደው ሰብረው ድስቶቻቸውን መልሰው ወሰዱ፤ በዚያ ግርግር አራት የእስር ቤቱ ሰዎች ተገደሉ። በጥቅምት ወር አሥራ ሁለት እስረኞች ተሰቀሉ።

የማኮኖኪ ነጥብ በ1850ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ሌላ የእስር ቤት ኃላፊ ወሰደው፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ዛሬ አመክሮ የምንለው ነገር አንዱ ሥሩ እዚያች ደሴት ላይ ነው።